ድንጋዩን አንቺ አትወርውሪው

ጥያቄ፦

ይድረስ ለምክር ዓምዱ አዘጋጅ፣ እንደምን ሰንብተዋል?

የምኖረው ሐዋሳ ነው። ዕድሜዬ 37 ሲሆን የዘጠኝ ዓመት ሴት ልጅ አለችኝ። እናቴ ካረፈች ሁለት ዓመት ሊሞላት ነው። አባታችን ቀደም ብሎ ስለሞተ እሷን ያስታመምኳት እኔ ነበርኩ፤ ታላቅ እህቴ ብቅ የምትለው በዓል ሲሆን ብቻ ነው። አርባዋ ከወጣ በኋላ የቤቱን ነገር ሳነሣ ካርታው በእሷ ስም እንደዞረ ነገረችኝ። ለካስ እናቴ ታማ በተኛችበት ጊዜ ውክልና አስፈርማት ኖሯል። "ራሷ ናት የሰጠችኝ" አለች። አልቅሼ ለመንኳት፣ ዘመድ ላክሁባት፣ ወይ ፍንክች። እኔ ከልጄ ጋር ኪራይ ቤት ነኝ፤ እሷ የእናታችንን ቤት አከራይታ ገንዘቡን ትበላለች።

የምሠራበት ፋብሪካ ውስጥ አንዲት ቻይናዊት የሥራ ባልደረባ አለችኝ። በምሳ ሰዓት የአገሯን ተረት ትነግረኛለች፣ እኔም ማታ ማታ ለልጄ እነግራታለሁ። አንዱ ተረት ስለ አንዲት የእንጀራ ልጅ ነው፤ የእንጀራ እናቷ ግፍ ስትሠራባት ኖራ በመጨረሻ ድንጋይ ወርዶ ገደላት። ልጄ ይህን ሰምታ "እማዬ፣ አክስቴ ላይስ ድንጋዩ መቼ ነው የሚወርደው?" አለችኝ። መልስ አጣሁ። እውነቱን ልንገርዎትና እኔም የምጠብቀው እሱን ነው።

ለባልደረባዬ ይህን ሳጫውታት ሁለት አባባሎች ነገረችኝ። አንዱ "ደግ ለሠራ ደግ፣ ክፉ ለሠራ ክፉ ይከፈለዋል፤ ካልተከፈለ ቀኑ ስላልደረሰ ነው" ይላል። ሌላው "ጨዋ ሰው ለመበቀል አሥር ዓመት ቢቆይም አልዘገየም" ይላል። የትኛውን ልያዝ?

ዝም ብዬ አይደለም የምጠይቀው። የእህቴ ሴት ልጅ በመጪው ጥር ታገባለች። አባቷ ነው የሚባለው ሰው አባቷ እንዳልሆነ ከእህቴ ሌላ የማውቀው እኔ ብቻ ነኝ። የሙሽራው ቤተሰቦች ለዘርና ለትውልድ ትልቅ ቦታ የሚሰጡ ሰዎች ናቸው። አንድ ስልክ ብደውል ሠርጉም የእህቴም ትዳር አብረው ይፈርሳሉ። ድንጋዩ በራሱ እስኪወርድ ለምን እጠብቃለሁ? እኔ ብወረውረውስ? የካርማ፣ ማለትም ሰው በሠራው ልክ የሚመለስለት ብድራት፣ እጅ መሆን ኃጢአት ነው?

ቤቷን የተቀማች፣ ከሐዋሳ

መልስ፦

ውድ እህቴ፣

መልሴን ሳላዘገይ ልንገርሽ፦ ስልኩን አትደውዪ፤ ክሱን ግን መሥርቺ። ደብዳቤሽ ውስጥ ሁለቱ ተደባልቀው አየኋቸው። ስለ ክስ አንድ ቃል ሳትጽፊ ስለ ድንጋይ ግን ሦስት ጊዜ ጽፈሻል። እናትሽን ስታገላብጪና ስታጥቢ ኖረሽ ከቤት ወጥተሻልና ንዴትሽ ያለ ምክንያት አይደለም። "ተያት፣ ለእግዜር ስጫት" የሚሉሽ ዘመዶች እንደሚኖሩ እገምታለሁ፤ እኔ ከእነሱ ጋር አይደለሁም። የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም። እርሺው ብዬ አልለምንሽም።

ነገሩን ያመጣሽው በቻይና ተረት በኩል ስለሆነ እኔም በዚያው ልመልስልሽ። እነዚህን ተረቶች እወዳቸዋለሁ፤ ስለ በቀልና ስለ ሥራ ዋጋ የሚሉትም በአንድ ምሳ ሰዓት ተነግሮ የሚያልቅ አይደለም።

ለልጅሽ የነገርሻት የዬ ሺያን ታሪክ ነው። በጽሑፍ ያኖረው ዱዋን ቸንግሺ የሚባል የታንግ ሥርወ መንግሥት ሰው ነው፤ ዘመኑም 9ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ነው። ፈረንሳዊው ሻርል ፔሮ በ1697 እ.ኤ.አ. ሲንደሬላን ከማሳተሙ 8 መቶ ዓመት ያህል ይቀድማል ማለት ነው። ዱዋን የሰማው ዛሬ ጉዋንግሺ ከሚባለው የደቡብ ቻይና አገር ከመጣ የቤተሰቡ የቀድሞ አገልጋይ ነበር። ልጅቱ ክንፎቿ ቀያይ፣ ዓይኖቿ ወርቅማ የሆነች ትንሽ ዓሣ አግኝታ ኩሬ ውስጥ ታሳድጋታለች። ዓሣዋ ከእሷ በቀር ለማንም አትወጣም። የእንጀራ እናትየዋ የልጅቱን ልብስ ለብሳ፣ ስለት በእጅጌዋ ሸሽጋ ወደ ኩሬው ትሄዳለች፤ ዓሣዋን ጠርታ ትገድላታለች፣ ሥጋዋን ትበላለች፣ አጥንቷን ፍግ ሥር ትቀብራለች። ልጅቱ ሜዳ ላይ ስታለቅስ ፀጉሩ የተንጨባረረ፣ ልብሱ ሻካራ የሆነ ሰው ከሰማይ ይወርድና "አታልቅሺ፤ አጥንቱን አውጥተሽ ክፍልሽ ውስጥ ደብቂው፣ የፈለግሽውን ለምኚው፣ ይሰጥሻል" ይላታል።

እስኪ እዚህ ላይ ትንሽ እንቆይ። የለመነችውን ሁሉ የሚሰጥ አጥንት በእጇ ገብቷል። የምትወዳትን የገደለችባት ሴት እዚያው ቤት ውስጥ ናት። ዬ ሺያን ምን ለመነች? ጌጣጌጥ ለመነች፣ ልብስና ምግብ ለመነች፣ ለበዓሉ ቀን ከወፍ ላባ የተሠራ ካባና የወርቅ ጫማ ለመነች። "የእንጀራ እናቴን አጥፋልኝ" አላለችም። አንድም ጊዜ። ድንጋዩ የወረደው የጫማውን ባለቤት ሲያፈላልግ የኖረው የደሴት ንጉሥ አግብቶ ከወሰዳት በኋላ ነው፤ ማን እንደወረወረውም ተራኪው አይናገርም። ዬ ሺያን ግን አልወረወረችውም።

ከዚህ ቀጥሎ ያለውን ባልደረባሽ የነገረችሽ አይመስለኝም። የአገሬው ሰዎች ለሟቾቹ፣ ለእንጀራ እናትየዋና ለልጇ፣ አዘኑላቸው። በድንጋይ ጉድጓድ ቀብረው "የጸጸተኛ ሴቶች መቃብር" ብለው ሰየሙት፤ ውሎ አድሮም ሚስት የሚሹ ሰዎች የሚማጸኑበት ቦታ ሆነ። ንጉሡ ደግሞ አጥንቱን ይዞ ስለነበር አንድ ዓመት ሙሉ ያለ ልክ ዕንቁና ጌጥ ሲለምነው ከረመ፤ በሁለተኛው ዓመት አጥንቱ ዝም አለ። ባሕር ዳር ከዕንቁ ጋር ቀበረው። በኋላ ወታደሮቹ ሲያምፁበት ቆፍሮ አውጥቶ ሊከፍላቸው አሰበ፤ በአንድ ምሽት ማዕበል ጠርጎ ወሰደው። እንግዲህ ያው ተረት ግፈኛዋን ቀጥቶ አይበቃውም። የተትረፈረፈውን ባለዕድልም ይቀጣል፤ ለግፈኛዋም የሚያዝንላት ሰው ያስቀምጣል።

ልጅሽ የሰማችው ድንጋዩ ድረስ ያለውን ብቻ ነው። ዛሬ ማታ ቀሪውን ንገሪያትና የአገሬው ሰዎች ለምን እንዳዘኑ ጠይቂያት። የዘጠኝ ዓመት ልጅ ለዚህ መልስ አታጣም። ስለ አክስቷ መልሳ ከጠየቀችሽ "ድንጋይ አንጠብቅም፤ የእኛን ለመጠየቅ ዳኛ ጋ ልንሄድ ነው" በያት። ይህን ስትያት እውነት እንዲሆን ግን መሄድ አለብሽ።

አሁን ወደ ሁለቱ አባባሎች። ሁለቱም በቻይናውያን አፍ የኖሩ ናቸው፤ አንዱን ጥሎ አንዱን ማንሣት አያስፈልግም። የመጀመሪያው ከአሮጌ እምነት የመጣ ነው። በ12ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ገደማ የተስፋፋ አንድ የዳዎ (የቻይናውያን ነባር እምነት) የምግባር ጽሑፍ መዓትና በረከት በር የላቸውም፣ ሰው ራሱ ይጠራቸዋል፣ የሥራ ዋጋም እንደ ጥላ ይከተላል ይላል። ከዚያም በጣም የቀደመ የጥበብ መጽሐፋቸው ደግሞ በጎ ያጠራቀመ ቤት የተረፈ በረከት፣ ክፉ ያጠራቀመ ቤት የተረፈ መከራ ይጠብቀዋል ይላል። በዚህ በጥንቱ ሐሳብ የወላጅ ዕዳ ወደ ልጅ ይወርዳል። ቡድሂዝም በ1ኛው መቶ ክፍለ ዘመን አካባቢ ቻይና ሲገባ ሌላ ሐሳብ ይዞ መጣ፤ እያንዳንዱ ነፍስ የራሱን ዕዳ በሚቀጥለው ሕይወቱ ራሱ ይከፍላል። ተረቶቹ ሁለቱን ቀላቅለው ይዘዋል። አንቺ በእህትሽ ልጅ ላይ ያሰብሽው የመጀመሪያውን ነው፤ የእናት ዕዳ ከልጅ ይከፈል ነው። ያን ሒሳብ ግን የጥንት ቻይናውያንም ለሰማይ የተዉት እንጂ ለአክስት የሰጡት አልነበረም።

ስለ አሥር ዓመቱ በቀል እውነቱን ልንገርሽ። ቻይናውያን ተበቃይን ሁልጊዜ አይንቁም። የሥርዓት መጽሐፋቸው ሰው ከአባቱ ገዳይ ጋር በአንድ ሰማይ ሥር አይኖርም እስከማለት ደርሷል። በአንድ ታሪካቸው ሻንግ ሳንጓን የምትባል የ16 ዓመት ልጅ አባቷን አንድ ባለጠጋ አስገደለባት። ወንድሞቿ ከስሰው ፍትሕ ሲያጡ እሷ ወንድ መስላ፣ ከአዝማሪዎች ጋር ገብታ ባለጠጋውን በገዛ ቤቱ ገደለችው፤ የታሪኩ ጸሐፊም ያደንቃታል። ግን በማግስቱ የተገኘው የሟቹ ሬሳ ብቻ አልነበረም፤ ልጅቱም ራሷን ሰቅላ ነበር።

ከዚህም የሚብስ አለ። ጋን ባዎ የሚባል ጸሐፊ በ4ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ከመዘገባቸው ታሪኮች በአንዱ የጥንቷ የቹ አገር ንጉሥ አንድ ሰይፍ ሠሪ ይገድላል። የሰይፍ ሠሪው ልጅ አድጎ ሊበቀል ሲነሣ ንጉሡ በሕልሙ አይቶት በአንገቱ ላይ ዋጋ ይጥላል። ልጁ ወደ ተራራ ሸሽቶ ሲያንጎራጉር አንድ መንገደኛ ያገኘውና "አንገትህንና ሰይፍህን ስጠኝ፤ እኔ እበቀልልሃለሁ" ይለዋል። ልጁ የገዛ አንገቱን ቆርጦ ከነሰይፉ ያስረክበዋል። መንገደኛው ጭንቅላቱን ለንጉሡ ያቀርባል፤ በትልቅ ድስት ይቀቀላል። ሦስት ቀንና ሦስት ሌሊት ቢጣድ አልበስል አለ፤ እንዲያውም ከፈላው ውኃ ብቅ እያለ በቁጣ ያፈጣል። "ንጉሥ ሆይ፣ እርስዎ ራስዎ ቢያዩት ይበስላል" ይላል መንገደኛው። ንጉሡ ሲያጎነብስ አንገቱን ቀልቶ ድስቱ ውስጥ ይጥለዋል፤ ወዲያው የራሱንም ይቀላል። ሦስቱ ጭንቅላቶች አብረው ቀለጡ፤ የማን የማን እንደሆነ መለየት አልተቻለም። ሥጋውንና መረቁን ከፋፍለው ቀበሩት፤ ስሙም የሦስቱ ነገሥታት መቃብር ተባለ። ግፈኛው፣ ግፍ የተሠራበት ልጅና የሰው ቂም የተሸከመው መንገደኛ በአንድ ስም ተጠሩ። በቀልን እያደነቀ ከተጻፈ ታሪክ ውስጥ ይህን መጨረሻ ማግኘት ያስደነግጣል።

ለአንቺ ጉዳይ ከሁሉ የሚቀርበው ግን ሌላ ነው። ጸሐፊው ፑ ሶንግሊንግ ይባላል፤ በሻንዶንግ ግዛት ከ1640 እስከ 1715 እ.ኤ.አ. የኖረ ነው። በ19 ዓመቱ የመጀመሪያውን ደረጃ የመንግሥት ፈተና በአንደኝነት አለፈ፤ ቀጣዩን የክፍለ ሀገር ፈተና ግን ዕድሜውን ሙሉ እየተመላለሰ ሳያልፍ ቀረ። በሰው ቤት እያስተማረ ወደ 500 የሚጠጉ የመናፍስት፣ የቀበሮና የሰው ታሪኮች ጻፈ። ስለ ተበደለ ሰው ንዴት ሲጽፍ ከሩቅ ሰምቶ አይደለም።

ታሪኩ ሦስት ያለፉ ሕይወቶቹን ስለሚያስታውስ አንድ ሰው ነው። በመጀመሪያው ሕይወቱ ሹም ነበር፤ ፈተና እንዲያርም ተመድቦ ሺንግ የሚባለውን ዕውቅ ተማሪ ጣለው። ሺንግ በንዴት ሞተና የፈተና ወረቀቱን እንደያዘ የሙታን ዓለም ዳኛ ወደሆነው ያንሉዎ ሄዶ ከሰሰ። በእንዲህ ያለ በደል የሞቱ ሺህ በሺህ መናፍስት ከኋላው ተሰለፉ። ዳኛው ፈታኞቹ ይገረፉ ብሎ ፈረደ። ሺንግ ግን አልበቃውም፤ ጽሑፍ መለየት ያልቻለ ዓይን ተጎልጉሎ ይውጣ አለ። ዳኛው እምቢ ሲል መናፍስቱ ልባቸው ይውጣ ብለው ጮኹ። ያንሉዎ መቋቋም ቢያቅተው የፈታኞቹ ደረት በስለት ተቀደደ፤ ደማቸው እየፈሰሰ ሲጮኹ መናፍስቱ "ንዴታችን ወጣልን" ብለው በደስታ ተበተኑ።

አንድ ሰው ንዴቱ በደንብ ከወጣለት ይበቃል የምትዪ ከሆነ ታሪኩ እዚህ ማለቅ ነበረበት። አላለቀም። ሹሙ በሁለተኛው ሕይወቱ የተራ ሰው ልጅ ሆኖ በሻንሺ ተወለደ። ሃያ ዓመት እንዳለፈው ሽፍቶች ተነሡና በመካከላቸው ወደቀ፤ ሊያጠፋቸው የመጣው ሹም ከምርኮኞቹ ጋር ያዘው። ሽፍታ አይደለሁም ብዬ አስረዳለሁ ሲል ቀና ብሎ ቢያይ ችሎት ላይ የተቀመጠው ሺንግ ነው። ሌሎቹ ተለቀቁ፤ እሱ ቃሉ ሳይሰማ አንገቱ ተቀላ። አሁን ደግሞ ከሳሹ እሱ ሆነ። ሺንግ የሰው ሕይወት እንደ ሣር በማጨዱ እንስሳ ሆኖ እንዲወለድ ተፈረደበት፤ የከሳሹም መዝገብ ሲገለጥ ወላጆቹን የደበደበ ሆኖ ስለተገኘ እሱም እኩል ተፈረደበት። ሺንግ ዳግም እንዳይበቀለው ፈርቶ "ትልቅ እንስሳ አድርጉኝ" ብሎ ለመነ። እሱ ትልቅ ውሻ፣ ሺንግ ትንሽ ውሻ ሆኑ። አንድ ቀን በቤጂንግ ገበያ ሲገናኙ ትልቁ ትንሹን ንቆ ነከሰው፤ ትንሹ ጉሮሮው ላይ እንደ ቃጭል ተንጠልጥሎ ቀረ። የገበያው ሰው ሊያላቅቃቸው ቢሞክር አልተቻለም። ሁለቱም እዚያው ሞቱ።

ሦስተኛ ጊዜ ሲቀርቡ ያንሉዎ "በደል በበደል ሲመለስ ማብቂያው መቼ ነው? እኔ ልፍታላችሁ" አለ፤ ሺንግ በሚቀጥለው ሕይወቱ ለባላንጣው ልጅ ባል ይሁን ብሎ ፈረደ። በእኛም አገር ደም የተቃቡ ወገኖችን ሽማግሌዎች በጋብቻ ሲያስተሳስሩ ስለኖሩ ይህ ፍርድ ላንቺ እንግዳ አይሆንም። ሰውየው ተወለደ፣ ተማረ፣ ሴት ልጅ ወለደ። ስንት ትልልቅ ቤተሰብ ሲጠይቃት እምቢ ሲል ቆይቶ በጎረቤት አውራጃ በፈተና አንደኛ የወጣ አንድ ወጣት ሲያይ ጠርቶ አስተናገደውና ልጁን ዳረለት። ወጣቱ ሺንግ ነበር። ባልና ሚስት ተዋደዱ፤ አማቹ ግን በዕውቀቱ እየተመካ የሚስቱን አባት ይንቀው ነበር፣ ዓመት እስኪያልፍ ደጁን አይረግጥም። አባትየው ቻለው። በኋላ አማቹ በጎልማሳነቱ ዕድል ከዳውና ቀጣዩን ፈተና ማለፍ አቃተው፤ ያን ጊዜ አባትየው የማይወጣው የማይወርደው ሳይኖር ረድቶት አለፈ። ከዚያ በኋላ እንደ አባትና ልጅ ሆኑ።

ይህን መጨረሻ ብዙ ሰው "ቻይ፣ ታገሥ፣ ይቅር በል" ብሎ ያነበዋል። እኔ እንደዚያ አላነበውም። የታገሠው ማን ነው? መጀመሪያ የበደለው ነው። የነጠቀውስ ምን ነበር? ፈተና ማለፍን። በመጨረሻ የመለሰው ምን ሆነ? ያንኑ፣ ፈተና ማለፍን። ልቡ ተቀዶ ሲጮህ ዕዳው አልተከፈለም፤ አንገቱ ሲቀላም፣ እንደ ውሻ ተናክሶ ሲሞትም አልተከፈለም። የተከፈለው የወሰደው ነገር ሲመለስ ነው። በአንቺና በእህትሽ መካከል ያለው የእናታችሁ ቤት ነው። የልጅቱ ሠርግ ቢፈርስ ቤቱ አይመለስም፤ እህትሽ ቤቱንም ይዛ፣ ከዛሬ ጀምሮ ደግሞ አንቺን የምትከስበት እውነተኛ በደል ይኖራታል። ያኔ ሽማግሌ ፊት ብትቀርቡ ሁለታችሁም ዕዳ ይዛችሁ ነው የምትቀርቡት።

ታሪኩ ውስጥ ሁልጊዜ የሚከነክነኝ አንድ ነገር አለ። ሁለት ወንዶች ለሦስት ሕይወት ሲናከሱ ኖረው ቋጠሯቸው በአንዲት ልጅ ትዳር ተፈታ፤ ልጅቱ ግን ተጠይቃ እንደሆነ አንድ ቃል የለም። ስሟም አልተጻፈም። ያንሉዎ ቢያንስ ለማስታረቅ ነው ትዳሯን የተጠቀመበት። አንቺ ለማፍረስ ልትጠቀሚበት ያሰብሽው ትዳር ባለቤት ስም ያላት፣ ምናልባትም ትንሽ ሳለች አዝለሻት የምታውቂያት ልጅ ናት። ቤት አልወሰደችብሽም። አባቴ የምትለውን ሰው በአንድ ስልክ፣ በሠርጓ ሰሞን፣ ከእንግዳ ቤተሰብ አፍ እንድታጣው ማድረግ በእህትሽ ላይ ድንጋይ መወርወር አይደለም። ያ እውነት መነገር ካለበትም ተናጋሪዋ እናቷ ናት፣ ሰሚዋም መጀመሪያ እሷ።

የካርማ እጅ መሆን ኃጢአት ነው ወይ ብለሽኛል። ተረቶቹን ልብ ብለሽ እያቸው፤ ብድራቱ በትክክል የሚከፈለው ሁልጊዜ በጉዳዩ ጥቅም በሌለው እጅ ነው። የተበደለው ሰው ራሱ እጅ ሲሆን ሺንግን ይሆናል።

እንግዲያስ አርፈሽ ተቀመጪ ማለት ነው? አይደለም። የጥንቱ የቻይና ፈላስፋ ላዎ ዙ በደልን በደግነት መልስ ብሎ ነበር። ሌላውን ፈላስፋቸውን ኮንፊሺየስን አንድ ሰው ይህንኑ ቢጠይቀው "ታዲያ ለደግነት ምን ልትመልስ ነው? በደልን በቀጥተኛ ፍርድ፣ ደግነትን በደግነት መልስ" አለው። እኔ ከኮንፊሺየስ ጋር ነኝ። ያው ፑ ሶንግሊንግም ሺ ፋንግፒንግ በሚባል ልጅ ታሪክ ይህን በተግባር አሳይቷል። አንድ ባለጠጋ ከሞተ በኋላ የሙታኑን ዓለም ሹማምንት በጉቦ ገዝቶ የፋንግፒንግን አባት ያስገርፋል። ልጁ ምግብ ትቶ ነፍሱ ወደዚያ ዓለም ወረደች። ለከተማው አምላክ ከሰሰ፣ ጉቦ በልቷል። ለበላዩ ከሰሰ፣ ተደበደበ። እስከ ያንሉዎ ደረሰ፤ እዚያም ገና ቃሉ ሳይሰማ ተገረፈ። "ግርፋቱ ይገባኛል፤ ገንዘብ የለኝማ!" ብሎ ጮኸ። በጋለ ብረት አልጋ ላይ አስተኙት። "አሁንስ ትከሳለህ?" ሲሉት "እከሳለሁ!" አለ። በመጋዝ ለሁለት ሰነጠቁት፤ ከመጋዝ ጎታቾቹ አንዱ ለወላጁ ባለው ፍቅር ተነክቶ ልቡን እንዳይነካው መጋዙን አዘነበለለት። ሀብትና ረጅም ዕድሜ እንሰጥሃለን ብለው ሊሸነግሉት ሞከሩ፤ አታለው ሕፃን ሆኖ እንደገና እንዲወለድ ሲያደርጉትም ጡት አልጠባም ብሎ በሦስተኛው ቀን ሞተና ተመለሰ። በመጨረሻ ኧርላንግ የሚባለው አምላክ ሰማው። ያንሉዎ ሳይቀር ጉቦኞቹ ሁሉ ተቀጡ፤ አባቱ ዕድሜ ተጨምሮለት ወደ ቤቱ ተመለሰ።

ያ ልጅ በዚህ ሁሉ መንገድ በባለጠጋው ልጆች ላይ እጁን አላነሣም። የጠየቀው አንድ ነገር ነው፤ አባቱን። "ፍርድ ቤቱም ያው ነው፣ ገንዘብ ላለው ነው" ብለሽ ተስፋ ቆርጠሽ እንደሆነ ፑም የሚያውቀው ፍርድ ቤት እንደዚያው ነበር፤ ቢሆንም ጀግናውን ወደዚያ ላከው።

አሁን ወደ ሐዋሳ። ጊዜ የለሽም። በፍትሐ ብሔር ሕጋችን የወራሽነት ጥያቄ ክስ መብትሽንና ንብረቱ በሌላ ሰው እጅ መሆኑን ካወቅሽበት ጀምሮ በ3 ዓመት ይርጋ ሊታገድ ይችላል፤ አንቺ ካወቅሽ ሁለት ሊሞላሽ ነው። ልጆች ከወላጅ እኩል ወራሾች ናቸውና መጀመሪያ የወራሽነት ማረጋገጫ ከፍርድ ቤት አውጪ። ቀጥሎ የውክልናውን ቅጂና ስሙ የዞረበትን ቀን ፈልጊ። ዝውውሩ የተፈጸመው እናትሽ ካረፉ በኋላ ከሆነ ውክልና በመርህ ደረጃ በወካዩ ሞት ስለሚያበቃ ጉዳይሽ ይጠነክራል። ከዚያ በፊት ከሆነም ውክልናው ስጦታን ይፈቅድ እንደነበር፣ እናትሽም ሲፈርሙ በምን ሁኔታ ላይ እንደነበሩ የሐኪም ማስረጃ ያስፈልጋል። ይህን በደንብ የሚያይልሽ ጠበቃ ነው፤ የምትከፍዪው ከሌለሽ የዩኒቨርሲቲ ሕግ ትምህርት ቤቶች የነፃ ሕግ ድጋፍ ማዕከላት አሏቸው፣ ጠይቂ። ሽማግሌም አንድ ጊዜ ላኪ፤ ግን ቀን ቆርጠሽ፣ ክሱን እያዘጋጀሽ ላኪ፤ ዘንድሮም እንዳለፈው በእንባ እንዳይቀር።

ምስጢሩን በድርድር መሐል እንዳታነሺው። "ቤቱን ካልሰጠሽኝ እናገራለሁ" ማለት ከስልኩ የማይሻል ከመሆኑም በላይ ማስፈራራት ስለሆነ ራስሽን በወንጀል ያስከስስሻል፤ ንጹሑን ጉዳይሽንም ያበላሽብሻል።

ሠርጉን በተመለከተ፣ ከተጠራሽና ልብሽ ከቻለ ልጅሽን ይዘሽ ሂጂና ሙሽራዋን ስመሽ ተመለሺ፤ ካልቻልሽም ቅሪ፣ ማንም አይፈርድብሽም። መጥሪያው ለእህትሽ የሚደርሰው ግን ከሠርጉ ሳምንት ጋር እንዳይገጥም ጠበቃሽን ከወዲሁ አነጋግሪው፤ ክሱ የሚገባበትን ቀን ግን ይርጋውን እያያችሁ ቁረጡ።